ስለ ቃጫ፣ ስለ ሙጫና ስለ እሳት

በየትምህርት ክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉትን የመመረቂያ ጥናት አርእስት ቆሞ ያነበበ ተማሪ አንድ ቃል ደጋግሞ ሳያገኝ አይቀርም፤ ይኸውም «ቃጫ» የሚለው ቃል ነው። የእንሰት ቃጫ በኤፖክሲ፣ የሲሳል ቃጫ በፖሊስተር፣ የቀርከሃ ጭረት በፖሊፕሮፒሊን እየተባለ አርእስቱ ሰሌዳውን ሞልቶታል። ይህን ስናይ ደስ ብሎናል። እናቶች እንሰት ሲፍቁ የሚለየው ቃጫ፣ ለገመድና ለጆንያ ሲያገለግል የኖረው፣ ዛሬ በመሐንዲስ እጅ ገብቶ ለኮርኒስ፣ ለበርና ለመኪና የውስጥ ልባስ ይሁን መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። የሌላውን አገር ብረትና የሌላውን አገር እንጨት ከመጽሐፍ ላይ ሲማር ለኖረ ተማሪ፣ የገዛ አገሩ ተክል ወደ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ መውጣቱ ያኮራዋል።

ነገር ግን ጥናቶቹን ገልጦ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰሌዳው ሲጎተት በስንት ኃይል እንደሚበጠስ ተለክቷል። ሲታጠፍ፣ በመዶሻ ሲመታ፣ ውኃ ውስጥ ሲከርም ምን እንደሚሆን ተለክቷል። ሲነድ ምን እንደሚሆን ግን በብዙዎቹ ውስጥ አንድ መሥመር ብቻ ተሰጥቶታል፤ እርሱም በመጨረሻው ገጽ ላይ «ለወደፊት ተመራማሪዎች የሚተው» ከሚለው ሥር ነው። (ይህ የወደፊት ተመራማሪ የሚባለው ሰው ከዓመት ዓመት ሥራው እየበዛበት መሄዱን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።) እኛ የምንለው ይህ ነው፦ በተኛ ሕፃን ራስ በላይ እንዲሰቀል የታሰበ ሰሌዳ በእሳት ሳይፈተን ጥናቱ አለቀ መባል የለበትም። እንዲህ የምንልበትን ምክንያት መምህሮቻችንም ጓደኞቻችንም በትዕግሥት እንዲያነቡልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎችም ይህን ገጽ ያነቡታልና። ኮምፖዚት ማለት ሁለት ባሕርይ ያላቸውን ነገሮች አጣምሮ ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ነገር መሥራት ነው። ለዚህ ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የጭቃ ቤታችን ኮምፖዚት ነው። ጭዱ ቃጫው ነው፣ ጭቃው ማያያዣው ነው። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ብቻውን አይቆምም፤ ሁለቱ ተቦክተው ግድግዳ ይሆናሉ። የዛሬው መሐንዲስ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ በጭቃው ፈንታ ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ሙጫ፣ ማለት ኤፖክሲ ወይም ፖሊስተር፣ ማስገባቱ ነው።

ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚነደው ጭዱ ነው፤ ጭቃው አይነድም፣ ጭዱንም ከአየር ከልሎ ይይዘዋል። በዘመናዊው ኮምፖዚት ግን ማያያዣው ራሱ ይነዳል። ቃጫው ብርጭቆ ከሆነ አይነድም፤ በዙሪያው ያለው ሙጫ ግን ማገዶ ነው። ቃጫው የእንሰት ወይም የሲሳል ከሆነ ደግሞ ቃጫውም ሙጫውም ማገዶ ሆኑ ማለት ነው። አያቶቻችን ያልነደደውን ከሚነደው ጋር አጣመሩ፤ እኛ የሚነደውን ከሚነደው ጋር እናጣምራለን።

አነዳደዱን በጥቂቱ እናስረዳ። ሙጫ እንደ ጠጣር አይነድም። ሙቀት ሲያገኘው ይፈርስና ጋዝ ይሆናል፤ የሚነደው ጋዙ ነው፤ የነደደው ጋዝ ሙቀት ደግሞ ተመልሶ ያልፈረሰውን ሙጫ ያፈርሳል። እሳቱ የራሱን ማገዶ ራሱ ይፈልጣል እንደማለት ነው። ጥንካሬው የሚጠፋው ደግሞ ከመንደዱ በፊት ነው፤ በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ተራ ኤፖክሲ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይለሰልሳል። የተክል ቃጫ በበኩሉ ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ መፍረስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሄሚሴሉሎሱ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ደግሞ ሴሉሎሱ። ይህ ጽሑፍ የተባዛበት ወረቀት ሴሉሎስ ነውና የሚጠራጠር ሰው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ጫፉን ለኩሶ መመልከት ይችላል።

ነገሮች ለመንደድ ያላቸውን ዝንባሌ ለመለካት ከሚሠራባቸው ቁጥሮች አንዱ የኦክስጅን ወሰን የሚባለው ነው፤ አንድ ነገር ነበልባሉን ሳያጠፋ እንዲነድ አየሩ ውስጥ ቢያንስ ስንት በመቶ ኦክስጅን ያስፈልገዋል ማለት ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህል አለ። ጥጥ 18 ይበቃዋል፤ ስለዚህ ይነዳል። ሱፍ 25 ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይነድም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ ያላየ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍም ጋቢ ላይ ሲወድቅና በርኖስ ላይ ሲወድቅ የሚሆነው አንድ አይደለም። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ከ17 እስከ 18 ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከጋቢውም የባሱ ናቸው ማለት ነው። ሙቀታቸውንም ብናነጻጽር፣ አንድ ኪሎ ፖሊኢትሊን ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ ቤንዚን ጋር የተቀራረበ ነው።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ሁለት ታሪክ እናንሣለት፤ ሁለቱም ከእኛ ሰዎችና ከእኛ ንብረት ጋር የተገናኙ ናቸው።

የመጀመሪያው የአየር መንገዳችን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ሲረከብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ይህ አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ አካሉ ከአሉሚኒየም ሳይሆን ከካርቦን ቃጫና ከኤፖክሲ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ በለንደን ሂስሮው ማረፊያ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከኋላ በኩል ከላይኛው አካሉ እሳት ተነሣ። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት፣ እሳቱ የጀመረው አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚጠቁመው ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ውስጥ እንደሆነ ገለጹ፤ የባትሪው ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም እሳቱ አልቆመም፤ በአካሉ ውስጥ ያለው ሙጫ ማገዶ ሆኖት ቀስ እያለ እየተዛመተ ሄደ። ለዚህ አውሮፕላን ሙጫውን የመረጡት በዓለም ላይ አሉ የተባሉ መሐንዲሶች ናቸው። እነርሱ ያዘጋጁት እንዲህ ከሆነ፣ በወርክሾፕ ውስጥ በባልዲ የሚበጠበጠው ፖሊስተር እንዴት ይሆን?

ፍርዳችን እንዳያጋድል ሌላውንም ወገን እናንሣ። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ 350 ሲያርፍ ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞተዋል። በትልቁ ላይ የነበሩት 379 ሰዎች ግን፣ አካሉ ኮምፖዚት ሆኖ ሳለ፣ በሕይወት ወጡ፤ አውሮፕላኑ ለሰዓታት ነድዶ አለቀ። ስለዚህ ኮምፖዚት ሁሉ ክብሪት ነው አንልም። ሰዎቹን ያተረፋቸው የሠራተኞቹ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን አካሉም የሚወጡበትን ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ጊዜ የሚሰጥና ጊዜ የማይሰጥ ሰሌዳ አለ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የለንደኑ ግሬንፌል ነው። ይህ ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ፊቱ በአሉሚኒየም ሰሌዳ ተሸፈነ። ሰሌዳው ከውጭ ሲያዩት ብረት ነው፤ በሁለቱ ስስ አሉሚኒየሞች መካከል ያለው ግን ፖሊኢትሊን ነበር፤ ይኸው ከላይ ከቤንዚን ጋር ያነጻጸርነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት በ4ኛው ፎቅ ካለ አንድ ወጥ ቤት የተነሣው እሳት በመስኮት ወጥቶ ሰሌዳውን ሲይዝ በ20 ደቂቃ ገደማ ጣሪያው ደረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ከነልጆቻቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 የወጣው የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት፣ ሞቶቹ ሁሉ ሊቀሩ ይችሉ እንደነበር ገልጿል። ሰሌዳው ቃጫ የለበትምና ከእኛ ጉዳይ ጋር በጥብቅ አንድ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ሰሌዳው ውብ ነው፣ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይከለክላል ተብሎ ሲመሰገን ኖሮ ሲነድ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው ዘግይቶ መምጣቱ፣ ይህ የእኛ ጉዳይ ራሱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ አዳዲስ ፎቆች አብዛኞቹ ፊታቸው በእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፤ በመካከሉ ያለው ምን እንደሆነ አላፊ አግዳሚው አያውቅም፤ ከአላፊ አግዳሚው ይልቅ የሚያሳስበን ነዋሪውም የማያውቅ እንደሆነ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሱቅ ከሱቅ የተጣበቀበት፣ የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት የሚቸገርበት ሰፈር እሳት ሲይዘው ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው እንግዲህ የቃጫ ሰሌዳችን ኮርኒስና መከፋፈያ ግድግዳ ሆኖ ይገባል የምንለው። «ርካሽ መኖሪያ ቤት» ተብሎ በመግቢያው ላይ የተጻፈለት ጥናት በርካሹ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ከሰል እንደሚያነድድ፣ ሻማ እንደሚያበራ፣ ሽቦውን ራሱ እንደሚቀጥል ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ መፍትሔው እንሂድ፤ በዚህ ላይ ግን ጓደኞቻችን ወደ አቋራጩ መንገድ እንዳይሮጡ አስቀድመን እናስጠነቅቃለን። አቋራጩ መንገድ ብሮሚን ያለበትን ኬሚካል ከገበያ ገዝቶ ሙጫው ውስጥ መበጥበጥ ነው። ይሠራል፤ በነበልባሉ ውስጥ ገብቶ የመንደዱን ሰንሰለት ይበጥሳል። ነገር ግን ከእነዚህ ኬሚካሎች ብዙዎቹ በአፈርና በውኃ ውስጥ ሳይፈርሱ ይቆያሉ፣ በእንስሳና በሰው ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ስለዚህ ነው አገራችን አባል በሆነችበት በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሌላው በ2013፣ ዴካ ቢ.ዲ.ኢ. የሚባለውም በ2017 እንዲወገዱ የተወሰነባቸው። የቃጫ ሰሌዳን «ዘላቂ» ብሎ ሰይሞ ሆዱን በብሮሚን መሙላት፣ ጾም ነኝ እያሉ ቅቤ እንደ መብላት ነው።

ሌላው መንገድ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህ ነጭ ዱቄት 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚበልጠውን ውኃ አድርጎ ይለቃል፤ እሳቱን ከውስጥ ያረጥበዋል እንበል። መርዝ የለበትም። ዕዳው ግን ብዙ መጨመር ማስፈለጉ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት እስከ 60 በመቶ። ያን ያህል ዱቄት የገባበት ሙጫ ወፍሮ ቃጫው ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፣ ሰሌዳውም ይከብዳል፣ ይሰባበራልም። እዚህ ላይ ነው የመጎተት ጥንካሬ ብቻ የሚለካ ተማሪ የሚደናገጠው፤ ቁጥሩ ይወርድበታልና። እኛ ግን ይህ ቁጥር ቢወርድ ጥናቱ ተበላሸ አንልም፤ ኮርኒስ ድልድይ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ለተክል ቃጫ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው፣ ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ ያለበት ጨው ሴሉሎስ ላይ ሲቀመጥና ሲሞቅ፣ ሴሉሎሱ ወደሚነድ ጋዝ ከመለወጥ ይልቅ ውኃውን ቶሎ ጥሎ ከሰል እንዲሆን ያደርገዋል። ከሰሉም በላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ሆኖ ከሥር ያለውን ይጠብቃል። ማለትም የእኛ ቃጫ ከብርጭቆ ቃጫ የሚያንስበት ነገር፣ መንደዱ፣ በፎስፈረስ ሲታከም ወደ ጥቅም ይለወጣል፤ ብርጭቆ ከሰል መሆን አይችልም። ገበሬው ለብዙ ዓመት «ዳፕ» እያለ ሲዘራበት የኖረው ማዳበሪያ፣ ዳይአሞኒየም ፎስፌት፣ በሌላው ዓለም እንጨት ከእሳት ለመጠበቅ ያገለገለ ጨው ነው፤ ከአውሮፕላን ላይ በሚነድ ጫካ ፊት የሚረጨውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለት ነቀፌታ ግን አለበት። በውኃ ይሟሟል፤ አንድ ክረምት ዝናብ ያገኘው ሰሌዳ ታጥቦ ባዶውን ይቀራል። ከዚህም በላይ ከገበሬው ማሳ ላይ ማዳበሪያ ወስዶ ለከተማ ኮርኒስ ማድረግን የሚደግፍ ሰው ካለ ስሙን እንዲነግረን እንፈልጋለን።

ስለዚህ ነው ፋይቲክ አሲድ የሚባለውን ነገር እንዲመለከቱ የኬሚስትሪ ጓደኞቻችንን የምንገፋፋው። ይህ አሲድ ዘር ፎስፈረሱን የሚያከማችበት ጎተራ ነው፤ ከክብደቱ 28 በመቶው ፎስፈረስ ሲሆን በእህል ፉርሽካ ውስጥ ይበዛል። በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች የተክል ቃጫን በዚህ አሲድ ነክሮ መንደዱን መቀነስ እንደሚቻል ታይቷል። የዱቄት ፋብሪካዎቻችን ፉርሽካ ለከብት መኖ ይሸጣሉ፤ አሲዱ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው አሁንም መኖ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ለግብርናው ኮሌጅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። የመታጠቡ ነገር እዚህም አለ፤ አሲዱን ከቃጫው ጋር የሚያስር ነገር መፈለግ ያሻል። ለአንድ ማስተርስ ጥናት ከዚህ የተሻለ አርእስት አናውቅም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቃጫው ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ሙጫው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

አውሮፕላን ሠሪዎች ለመንገደኛው ክፍል ግድግዳ ኤፖክሲ ትተው ፊኖሊክ የሚባለውን ሙጫ የሚመርጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ ለትልልቅ የውስጥ ሰሌዳዎች ከፍተኛውን የሙቀት ፍሰት በካሬ ሜትር በ65 ኪሎ ዋት ስለ ወሰነው ነው። ፊኖሊክ ሲነድ ከሰሉ ብዙ፣ ጭሱ ጥቂት ነው። የሚሠራው ግን በፎርማልዴሃይድ ነው፤ ሁለቱም ጥሬ ዕቃው ለእኛ ከውጭ የሚመጣ ነው።

ከፊኖሊክ ጋር የሚቀራረብ ጠባይ ያለው፣ ጥሬ ዕቃው ግን ከእርሻ የሚገኝ አንድ ሙጫ አለ፤ ፊውራን ይባላል። መነሻው ፈርፈራል የሚባል ፈሳሽ ነው፤ ይህም ከበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከአጃ ገለባና ከአገዳ ገለባ ይገኛል። የአሜሪካው ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 ከአጃ ገለባ ማምረት ጀምሮ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሴዜላ በተባለ ቦታ ያለው የስኳር ፋብሪካ ከአገዳ ገለባ ሲያወጣው ኖሯል። እንግዲህ ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ መተሐራ መጣ፣ ፊንጫ መጣ። የአገዳው ገለባ የፋብሪካውን እንፋሎትና መብራት ለማመንጨት ይነዳል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈርፈራሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ አሁንም ይነዳልና አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የብረት ማቅለጫ ወርክሾፕ የሠራ ተማሪ ፊውራንን ያውቀዋል፤ የመቅረጫውን አሸዋ የሚያጣብቀው እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ሙጫ የቀለጠ ብረት ፊት የቆመ ሙጫ ነው።

ነውር የለበትም ግን አንልም። ፊውራን የሚደርቀው በአሲድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ሴሉሎስን ይበላል፤ ሲደርቅ ውኃ ስለሚለቅ ሰሌዳው ውስጥ ቀዳዳ ይቀራል፤ መልኩም ጥቁር ነውና ነጭ ኮርኒስ የሚፈልግ ሰው አይወደውም። እነዚህ ግን በሥራ የሚቃኑ ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ኤፖክሲ ገዝቶ የአገር ቃጫ ውስጥ አፍስሶ «የአገር ምርት» ከማለት፣ ሙጫውም የአገር የሆነበትን ጥቁር ሰሌዳ እንመርጣለን።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው ወደ ጭቃው ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1970 በፈረንሳይ ሳን ሎራን ዱ ፖን በተባለች ከተማ አንድ የዳንስ ቤት ነድዶ 146 ሰዎች ሞቱ፤ የውስጡ ማስጌጫ ፕላስቲክ ነበር። እንዲህ ያሉት የእነዚያ ዓመታት ቃጠሎዎች ጆሴፍ ዳቪዶቪትስ የተባለውን ኬሚስት የማይነድ ፕላስቲክ ወደ መፈለግ መሩት፤ ያገኘውንም ጂኦፖሊመር ብሎ ሰየመው። ይህ ካርቦን በሌለበት፣ በሲሊከንና በአሉሚኒየም ሰንሰለት የተያያዘ ማያያዣ ነው። የሚሠራው ከካዎሊን ሸክላ ወይም ከእሳተ ገሞራ አመድ ሲሆን የሚያስረው የሶዲየም ወይም የፖታሲየም ውሕድ ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካርቦን ቃጫ ሠርተው ሲፈትኑት አልነደደም። የስምጥ ሸለቆ ልጆች የሆኑት ጓደኞቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ ሸለቆው ራሱ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ የአብያታ ሐይቅም ሶዳ ነው። (ሐይቁ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሸሸ መሆኑን ግን አንርሳ፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ማጥፋት አይሆንም።) ችግሩ ይህ ማያያዣ ኮምጣጣ ሳይሆን አልካሊ መሆኑ ነው፤ አልካሊ የተክል ቃጫን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ለዚህ ቃጫውን መሸፈን ወይም ቃጫውን ወደ ድንጋይ መለወጥ ያሻል። ድንጋይ ስንል እየቀለድን አይደለም፤ ባዛልት በ1,400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀልጦ ቃጫ ይፈተላል፤ ደጋችን የቆመው በባዛልት ላይ ነው።

«ዘላቂ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ጌጥ መንጠልጠሉ ይብቃ። ዘላቂ ማለት ከተክል የመጣ ማለት ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱ ሲያልቅ የት ይሄዳል የሚለውም አለበት። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሄደ ሰው የሚያያቸው የነፋስ ማማዎች በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012ና በ2015 ተጠናቀቁ። እያንዳንዳቸው ሦስት ክንፍ አላቸው፤ 408 ክንፍ መሆኑ ነው፤ ክንፎቹም ቃጫና ሙጫ ናቸው። እንዲህ ያለ ክንፍ የሚታሰበው ለ20 ዓመት ገደማ ነው። ሙጫው አንድ ጊዜ ከደረቀ አይቀልጥምና እንደ ብረት አይቀለጥም። በጀርመን እየተከተፈ የሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሙጫው ማገዶ፣ ብርጭቆው ጥሬ ዕቃ ይሆናል። እኛም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉን፤ ይህን ዛሬ የሚያስብ ሰው ግን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሉድቪክ ለይብለር የሚመራው የፓሪስ ቡድን ቪትሪመር የተባለውን፣ ደርቆም በሙቀት እንደገና ሊቀረጽ የሚችለውን ሙጫ አስታውቋል፤ ለአሁኑ ውድ ነው።

አሁን መምህሮቻችን የሚሰጡንን መልስ እንገምታለን፤ በአክብሮትም እንመልሳለን። «መሣሪያው የለንም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ኮን ካሎሪሜትር የሚባለው፣ የ10 በ10 ሴንቲሜትር ቁራጭ ሲነድ የሚበላውን ኦክስጅን ለክቶ ሙቀቱን የሚያሰላው መሣሪያ ውድ ነው። (አንድ ኪሎ ኦክስጅን በተበላ ቁጥር 13.1 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል፤ የነደደው ነገር ምንም ይሁን ምን ቁጥሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንዲህ ያለ ውብ ሕግ ተማሪ ሳያየው መመረቁ ያሳዝናል።) ይህን ዩኒቨርሲቲዎች በማኅበር አንድ ገዝተው በተራ ይሥሩበት እንላለን፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ይገዛ አላልንም።

እርሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ክብሪትና ሰዓት የማይገኝበት ትምህርት ክፍል የለም። የአሜሪካ የመኪና ደንብ ቁጥር 302፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚሠራበት፣ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ 356 በ102 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ አግድም ተይዞ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ የ38 ሚሊ ሜትር ነበልባል ለ15 ሰኮንድ ጫፉን ይነካዋል፤ ከዚያም እሳቱ ከምልክት እስከ ምልክት በስንት ጊዜ እንደሄደ ይለካል። በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ወደ መኪና ውስጥ አይገባም። ፈተናው ቀላል ብቻ ሳይሆን ልል ነው፤ አግድም ያለፈ ሰሌዳ ሽቅብ ሲቆም ሊወድቅ ይችላል፤ እሳት የሚወደው ሽቅብ መውጣት ነውና። ስለዚህ ለግድግዳ የታሰበ ሰሌዳ ሽቅብ ቆሞም ይፈተን። ይህንንም ያላለፈ ሰሌዳ በጥናቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ለመኖሪያ ቤት ተስማሚ ነው» ተብሎ እንዳይጻፍ የምረቃ ኮሚቴዎች እንዲከለክሉ እንጠይቃለን። ወድቋል ተብሎ ቢጻፍ ግን ተማሪው ማርክ አይቀነስበት፤ የወደቀበትን ቁጥር በትክክል ያስቀመጠ ተማሪ ከኋላው ለሚመጣው ትልቅ ውለታ ሠርቷል።

ሳጥኑን የሜካኒካል ተማሪዎች ከቆርቆሮ ቁርጥራጭ እንዲሠሩልን፣ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪም አንድ የጋዝ ማንደጃ እንዲያውሰን በማኅበራችን በኩል ደብዳቤ እንድንጽፍ ይፈቀድልን። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ሥራው በደጅ ይሁን፤ ውኃና አሸዋ በአጠገቡ ይቀመጥ። ጥናታቸውን ለጨረሱትም በመደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ቁራጮቻቸውን እንዳይጥሉ እንለምናቸዋለን፤ በእያንዳንዱ ላይ ሙጫው ምን እንደሆነ፣ ቃጫው ስንት በመቶ እንደሆነና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወፍር በእስክሪብቶ ጽፈው ያምጡልን። ብሮሚን ያለበትን ግን አናነድድም፤ እርሱን ለይተው ይንገሩን።